ኔትወርክ የሌለበት ውሃ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ሰፈር ያለው ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቃችን ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘረፍ ታናሽ ወንድሜ "ከዚህስ ባሕር ይሻላል" ብሎ ኬፕታውን ወረደና አሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ሐሳቡ ቺሊ ደርሶ ለመቅረት ነበር። የመጨረሻው የድምፅ መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። "ነገ ማጄላን ሰርጥ እንገባለን፤ ፓስፊክ እንደወጣን እደውልልሃለሁ። ለእማ ብርድ ነው እንዳትላት።"

ያን ሰርጥ ባንኮኒዬ ኋላ ተቀምጬ በስልኬ ካርታ አጠናሁት። አትላንቲክንና ፓስፊክን የሚያገናኝ፣ ሰው ያልቆፈረው፣ በተራሮች መሃል የሚጠማዘዝ ጠባብ ውሃ ነው። ደንበኛ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ሲጠይቀኝ እንኳ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ወንድሜ ሳይደውል ሰነበተ። ማዶ ሱቅ ያለውን የአገሬን ልጅ ብጠይቀው "እዚያ ኔትወርክ የለም ባክህ" አለኝ።

ይህ ጎረቤቴ ሳይሰድበኝ ውሎ የማያውቅ ቀልደኛ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ስድቡን ትቶ "ወንድሜ" ይለኝ፣ ምሳም ያመጣልኝ ጀመር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባላል። እኔ ጅሉ ምሳዬን በላሁ።

አንድ እሁድ ጎሕ ሲቀድ የቸርቻችን ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ፤ ጎረቤቴ ከኋላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩ። ወንድሜን ሰርጡ ውስጥ ማዕበል ከመርከቡ ጠርጎ ወስዶት ነበር፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ደውሎ ከነገራቸው ሰንብቷል።

"ወር መጨረሻ ነበር፤ ገበያህ እንዳይበላሽብህ አስበን ነው ልጄ" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

የወንድሜ ሞት ከደሞዝ ሰሞን ገበያ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ ማለት ነው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጎረቤቴን ይቅር አላልኩትም፤ ምሳውንም አልነካም።

"እናትህን አዝመራው ሲገባ አገር ቤት ያሉት የሰፈሯ ሽማግሌዎች ያረዷታል፤ እስከዚያ አደራ" ብለውኝ ሄዱ። ትናንት እማ ደወለች።

"ወንድምህ ያን ውሃ ወጣ?"

"ሰላም ነው እማ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም" አልኳት።

"እሺ፤ ሲደውል ወፍራም ልብስ ልበስ በለው" አለችኝ።