የእትዬ ጭልፋ ድስትና የሚጣለው ቅጠል

የስፌት ቤቱ ሠራተኞች ስሟን ረስተውት እትዬ ጭልፋ ነው የሚሏት። ጭልፋዋ መቼ ከእጇ ይለያል፤ ስትቆጣ በእሱ ትጠቁማለች፣ ስትስቅ በእሱ ጭኗን ትመታለች። ከመተኮሻው ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ኩሽና ለሰፊዎቹ ምሳ ታበስላለች፤ ሁለት ሴት ልጆቿንም ከዚያችው ኩሽና አሳድጋ ድራለች። ስለዚህ አለቃው አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱም ሽንኩርቱም ሰማይ ቢነካ የምሳው ዋጋ እንደማይጨመር፣ ካልቻለች ግን ኩሽናውን የክር መጋዘን እንደሚያደርገው ሲነግራት ወጪዋን በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን ምስሩን አቅጥኖ፣ ነጩን ዳቦ አብዝቶ ይገላገል ነበር። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ምሳ ጠግባ አይታዋለች። ከማዶው ሱቅ የተጠበሰ ሊጥና ለስላሳ ገዝተው የሚውሉትን ታውቃቸዋለች፤ ርካሽ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ስፌት መኪናው ላይ በእንቅልፍ አንገታቸው ይሰበራል። አዝራር ተካይዋማ ስኳር ተገኝቶባት፣ ሐኪሙ አትክልት አብዢ ቢላት፣ ማን ሊገዛልኝ ነው ብላ ጥላው የመጣች ናት።

መፍትሔው አትክልት ተራ ጠበቃት። ሻጩ ቀይ ሥር ሲመዝን ቅጠሉን በቢላ ቀንጥሶ መሬት ላይ ይጥላል፤ ደንበኛው ቅጠል መሸከም አይወድማ። ያን ለምለም ነገር ስታይ ዐይኗ በራ። ልውሰደው ብትለው፣ ከመጥረግ ትገላግይኛለሽ ብሎ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ በኬሻ እየተሸከመች ታመጣለች፤ አጥባ፣ አድቅቃ ከትፋ፣ ከምስሩ ጋር በነጭ ሽንኩርት ታዋህደዋለች። ሰፊዎቹ ጣታቸውን ላሱ። አዝራር ተካይዋ ሳህኗን ጠርጋ ስትነሳ እትዬ ጭልፋ ራሷ የበላች ያህል ትጠግባለች። አንድ ነገር ብቻ አበላሸች፤ ምን ብትጨምሪበት ነው ሲሏት፣ ምስጢር ነው እያለች ትኩራራባቸው ነበር።

ምስጢሩን ያወጣው ጨርቅ ቆራጩ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ የሰላ ሰው። አትክልት ተራ አጎንብሳ ቅጠል ስትለቅም አይቷት ኖሯል። በማግስቱ ድስቱ ቢንተከተክ፣ ምሳ ሰዓት ቢያልፍ ማንም አልመጣም። አለቃው ብቅ ብሎ ባዶውን አግዳሚ አየና ግድግዳውን በዐይኑ ይለካ ጀመር።

እትዬ ጭልፋ ድስቷን በጨርቅ ይዛ አነሳችና ሰፊዎቹ መሀል ገባች። መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አሳረፈችው።

«የፍየል ቀለብ ነው የምታበላን አልክ አሉ» አለችው ቆራጩን።

«ታዲያ ዋሸሁ እንዴ፣ እትዬ? ሰው የጣለውን አይደል?»

በጭልፋዋ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ጆንያ ጠቆመች። ቆራጩ ከትልልቁ ልብስ የሚተርፈውን ጨርቅ እዚያ ያጠራቅማል፤ የልጆች ቀሚስ ይወጣበታል። ጣት የምታህል ጨርቅ ያባከነ ሰው ካየ ቀኑን ሙሉ ሲያብጠለጥለው ይውላል።

«ለልጅህ ከዚህ ጆንያ ቀሚስ አልሰፋህላትም? ትርፍራፊ ለበሰች ያለህ አለ? እኔም እንዳንተው ነኝ፣ የኔ ጌታ። የሚሆን ነገር አልጥልም።»

አዝራር ተካይዋ ናት ቀድማ የሳቀችው፤ «እኔ ፍየል ልባል፣ ጨልፊልኝ» ብላ ሳህኗን ዘረጋች። ቆራጩ ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገ።

«በጨርቅ ከመጣሽብኝማ ምን አፍ አለኝ። ለኔም አድርጊ፤ ከሥሩ፣ ወፈር ካለው።»

ድስቱ ተጠርጎ ባዶውን ወደ ኩሽናው ተመለሰ። አለቃውም ስለ መጋዘኑ ደግሞ አላነሳም፤ እንዲያውም ሳህን ይዞ መምጣት ጀምሯል።

ብቻ ሰፊዎቹ ለቤታቸውም ቅጠሉን መጠየቅ ሲያበዙ፣ ሻጩ ሞኝ አይደለም፣ በእስር በእስር አድርጎ ዋጋ አወጣለት። ያስወደድሽው አንቺው ነሽ ብሎ ሲተርባት እትዬ ጭልፋ አብራው ሳቀች። ዐይኗ ግን ከአበባ ጎመኑ ዙሪያ ተገንጥሎ የተጣለው ወፍራም ቅጠል ላይ ነበር። ኬሻዋን ብብቷ ሥር ሸሸግ አድርጋ፣ ግድ እንደሌላት ሰው፣ ይሄንንስ ልጥረግልህ አለችው።