ረቡዕና ዓርብ በጉንሂልድ ቤት

ከመርሳ የወጣሁት ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ወልድያ ተያዘች፣ የለም አልተያዘችም እየተባለ ሰው ሁሉ አንዱ ያንዱን ፊት የሚያጠናበት ሰሞን ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ፤ ኖርዌይ ሄጄ ማስተርስ እንድማር ቪዛዬ ወጥቷል። እናቴ ግን ሱቋን ጥላ አልሄድም አለች።

«ከመጡ ግራና ወርጄ እኅቴ ዘንድ እገባለሁ። አንቺ ሂጂ፤ ጾምሽን ብቻ እንዳትተይ። የክርስትና ስማችንን ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪ።»

በስም ድግምት ይሠራል ብላ ነው ያሳደገችኝ።

እስከ ደሴ በየኬላው እየወረድን መታወቂያ አሳየን። አንዱ ሚሊሻ ፓስፖርቴን እያገላበጠ «አገር ሲጠበቅ አንቺ ወዴት ነው?» አለኝ። የኖርዌዩ የኤርፖርት ሰውዬ ደግሞ «ተመልሰሽ ለመሄድሽ ምን ማረጋገጫ አለ?» አለኝ። ሁለቱ ቢገናኙ በደንብ ይግባቡ ነበር።

በደረስኩ ሰሞን የመርሳ ስልክ ጸጥ አለ።

የተከራየሁት ጉንሂልድ ከምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ቤት ነው። «ማጨስ ክልክል ነው። ጫማ በር ላይ። ቅመም ስታቁላዪ መስኮት ክፈቺ» አለችኝ።

«ብርድ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች፤ በቃ። በእንግሊዝኛ ስለምናወራ ደግሞ አንቱ ልላት እንኳ አልቻልኩም።

ሳሎኗ ጥግ መደርደሪያ አለ። አንድ ዓይና የእንጨት ሽማግሌ፣ ጥጥ የምትፈትል የምትመስል ሴት፣ ሻማና የቀንድ ዋንጫ ተደርድረውበታል። ዋንጫውማ አጎቴ ጠላ የሚጠጣበት ዓይነት ነው። አማተብኩ።

ጉንሂልድ ልጇ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ላይ ቀርቶባታል። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታ፣ ከክርስትና በፊት አያቶቿ ያመልኳቸው የነበሩትን አማልክት ያዘች። ሽማግሌው ኦዲን፣ ፈታይዋ ሚስቱ ፍሪግ ናት። «ፍሪግም ልጇ ሞቶባታል፤ ለዚህ ነው እሷን የመረጥኩት» አለችኝ።

«ቄሱ ማነው?»

«የለም።»

«ስትሳሳቺ ታዲያ ማን ይነግርሻል?»

«እየሞከርኩ ነው የምማረው። መጀመሪያ ቢራ አቀረብኩላት፤ ምንም አልተሰማኝም። ወተት ሳቀርብ ልቤ አረፈ። ዋናው ሳያቋርጡ መቅረብ ነው።»

በግምት የሚሄድ አምልኮ አልዋጥልሽ አለኝ። ወተቱንም ማታ ግቢዋ ካለው ዛፍ ሥር ታፈሰዋለች። በእኛው በሀብሩ ገጠር ዋርካ ቅቤ የሚቀቡ አሉ ሲባል ስሸሽ የኖርኩ ሰው፣ ኖርዌይ ድረስ መጥቼ አብሬ ተከራየሁ! ምን አስባ ነው ያስገባችኝ እያልኩ በሬን ቆልፌ መተኛት ጀመርኩ።

ዓርብ ዋፍል የሚሉትን ቂጣቸውን በቅቤ ጋግራ ሰጠችኝ፤ አልበላም አልኩ። ረቡዕ አይብ ሰጠችኝ፤ መለስኩ። እንዲህ ከርመን አንድ ቀን ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አንቺም ታውቂያቸዋለሽ!» አለችኝ።

«እነማንን?»

«በቋንቋችን የረቡዕ ስሙ የኦዲን ቀን ነው፣ የዓርብ የፍሪግ። አንቺ የምትጾሚው የሁለቱን ቀን ነው!»

ደነገጥኩ። አይሁድ በጌታ ላይ የመከሩበትና የተሰቀለበት ቀን ነው ብዬ ባስረዳት፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው «እሺ፣ እሺ» አለች። የገና ጾም ገብቶ በየቀኑ ስጾም ደግሞ «አሁን ለሁሉም አማልክት ሆነ?» አለችኝ።

እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያ ጾም የእናቴ ነበር። ከዚያ ሌላ ላደርግላት የምችለው አንዳች ነገር አልነበረኝም። ፍሪግ መንገድ ላይ እየጠለፈችብኝስ ቢሆን?

ጉንሂልድ ጭራሽ «የእናትሽ ስም ማነው?» አለችኝ። «ዓርብ ዓርብ ላንሳት። ፍሪግ የሰውን ሁሉ ዕጣ ታውቃለች፤ ብቻ አትናገርም።»

«እያወቀች ካልተናገረች ምን ትሠራልኛለች?» ብዬ ጮህኩባት። የምፈልገው አለች ወይም የለችም የሚል አንድ ቃል ነበር።

«እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቃት» አለች ቀስ ብላ። አሳዘነችኝ። ስሙን ግን አልሰጠኋትም።

ስልኩ የጠራው ዓርብ ነው፣ ፀሐይ እንደተጠራጠረ ሰው ብቅ ብላ በተመለሰችበት ቀትር።

«አብሽሪ፣ አለሁ» አለች እማዬ። ሁለታችንም አለቀስን። ሱቁ ባዶውን ቀርቷል። ከጎረቤታችን ከዘይነባ ጋር ግራና ነው የከረሙት። «የሷ ዱዓና የኔ ስለት ነው ያተረፈን። ጾሙን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ከማን ጋር ነው ያለሽ?»

«ከአንዲት ትልቅ ሴትዮ ጋር።»

«ትጸልያለች?»

ጉንሂልድ የወተት ዋንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ምንም ሳይገባት አብራኝ ታለቅሳለች።

«ትጸልያለች» አልኩ።

«እሰይ! በይ የክርስትና ስሜን ንገሪያት፤ እኔንም ትጨምረኝ።»

«ለማንም አትስጪ አላልሽኝም?»

«እሱ የፊቱ ነው ልጄ። ስንቱን ቀብሬ መጣሁ። የሚጸልይልኝን ሰው መምረጥ ትቻለሁ።»

ለጉንሂልድ ስሙን አልነገርኳትም። እዚህም አልጽፈውም። እማዬ በደወልኩ ቁጥር «ነገርሻት?» ትለኛለች፤ «ነግሬያታለሁ» እላለሁ። ዓርብ ማታ ጉንሂልድ በረዶው ላይ ወተቷን ስታፈስ በመስኮት እሰማታለሁ። ስም ስላልሰጠኋት «ለመርሳዋ እናት» ትላለች። ቀጥላ የልጇን ስም ትጠራለች። አሜን አፌ ድረስ ይመጣል፤ መልሼ እውጠዋለሁ።