የአያ ጀብሪል «አይሆንም»

መርሳ ውስጥ ሚስባህን አውቀዋለሁ የማይል የለም። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ካሳዬ ጎሚስታ ቤት የባጃጅና የአይሱዙ ጎማ ሲያወልቅና ሲለጥፍ የሚውለው፣ ፀሐይ እየፋጀም የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው የሚደፋው ሰው ነው። የባለቤቴ የኡበይደላ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ግቢ ነን። ኮፍያው ለብርድ አይደለም፤ የኮምፕረሰሩ ጩኸት ጆሮው ውስጥ እንደ መርፌ ስለሚገባ ነው። ይህን ለማወቅ ጥበብ አላስፈለገኝም፤ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ከተማው ግን መጠየቅ ትቶ «ነካ ያደርገዋል» ማለት ቀሎታል።

ማስረጃቸውን ልንገራችሁ። «ጤና ነህ?» ሲሉት «ጨጓራዬን ያመኛል፣ ትናንት ወጡ በርበሬ በዝቶበት ነበር» ይላል። ጠያቂው መልስ ፈልጎ አልጠየቀማ፣ እግሩ መንገድ ጀምሯል። ጠዋት ሰላም ያለውን ሰው ከሰዓት ሲያገኘው ዝም ብሎ ያልፋል፤ አንዴ ተባብለዋል፣ ምን ቀረ? ሲያወራ የሰው ዓይን ሳይሆን የሰው ጫማ ነው የሚያየው። ከሁሉ የከፋው ወንጀሉ ግን «እንብላ» ነው። እኛ አገር ምሳ የቀረበለት ሰው አላፊውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። ሚስባህ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። አንድ ነጋዴ መናኸሪያ አጠገብ አፉን በጉርሻ ሞልቶ «እንብላ» ቢለው፣ ተቀምጦ ትሪውን አጋመሰለት። ነጋዴው ወሬውን ሐራ ገበያ ድረስ ወስዶ ሲስቅበት ከረመ። ካልፈለግህ ለምን ጠራኸው ያለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ጅኒ ነው ተብሎ ዱዓ ተደርጎለታል። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች ደግሞ አዝና ፀበል አምጥታለታለች፤ ጠጥቶ «እንዴት ሆንክ?» ስትለው «ጠምቶኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ልጄን ለማሳከም ወልድያ በሄድኩ ጊዜ ግን አንዲት ነርስ ኦቲዝም ስለሚባል ነገር አስረዳችኝ። ሰው አብሮት የሚወለደው እንጂ በሽታም እርግማንም እንዳልሆነ፣ አእምሮ ነገርን የሚቀበልበት መንገድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ መጥቼ ለጎረቤት ባወራ «እሱ የፈረንጅ ጅኒ ነዋ» ብለው ተንከተከቱ።

ከጎሚስታው ፊት ለፊት ናጅዋ ልብስ ትሰፋለች። አባቷ አያ ጀብሪል ሲሪንቃ አቅጣጫ ማሳ ያላቸው፣ የተከበሩና መከበራቸውንም ደህና አድርገው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለሚስባህ በቅኔ ሳይሆን በቃል የምታወራው እሷ ብቻ ነበረች። «ሥራ ይዣለሁ፣ አሁን አታውራኝ» ትለዋለች፤ አይከፋውም። «ጨርሻለሁ፣ ና» ትለዋለች፤ ይመጣል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ቀና ሳይል፣ ናጅዋን ላግባሽ ብሎ እንደጠየቃት፣ እሷም እሺ እንዳለችው ነገረንና ሽማግሌ እንድንልክለት ጠየቀ። ባለቤቴ የጎረሰው ትን አለው።

ሼህ ዓሪፍና ጋሽ ካሳዬ ተላኩ። የሴት ወገን እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስልበታል። ስለዚህ ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ዘመድ ይመከር፣ አይሆንም ይላል። ሽማግሌውም አይሆንም ማለት ተመልሳችሁ ኑ ማለት መሆኑን ስለሚያውቅ በሆዱ እየሳቀ ይወጣል። አያ ጀብሪልም ወጉን አደረሱ። ሼህ ዓሪፍ ፊታቸው በርቶ ግቢያችን ሲገቡ ሚስባህ ምን እንዳሉ ጠየቃቸው።

«አይሆንም አሉ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉት ሼሁ።

ሚስባህ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በማግስቱ ከሥራ በፊት አያ ጀብሪል ደጅ ሄደና ጫማቸውን እያየ፣ አይሆንም ማለታቸውን መስማቱን፣ ሁለተኛ እንደማያስቸግራቸው ነግሯቸው ተመለሰ። ጋሽ ካሳዬንም ሐራ ሌላ ጎሚስታ ቤት ሥራ እንዲፈልጉለት ለመናቸው፤ በየቀኑ ናጅዋ ፊት መቀመጥ እሷን ማስጨነቅ ነው ብሎ። ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ ሲነሱ በር ላይ ቆሞ ከለከላቸው። ናጅዋ ራሷ እኔ እሺ ብዬሃለሁ ብትለው፣ ኒካ ያለ አባትሽ እሺታ አይታሰርም፣ አባትሽ ደግሞ አይሆንም ብለዋል አላት። ባለቤቴ ወጉን ሊያስረዳው ሲሞክር ደግሞ «የዋሹት ሼህ ዓሪፍ ናቸው ወይስ አያ ጀብሪል?» ብሎ ጠየቀው። ኡበይደላ «አንቺ ንገሪው» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ከተማው ግን በዓል ሆነለት። «ሽማግሌ ልኮ ራሱ የቀረ» ተባለ። «ድሮም ለእንዲህ ያለው ሰው ትዳር ምን ያደርግለታል» ተባለ። አይሆንም ሲሉ እሺ ማለታቸው የሆነ ሰዎች፣ አይሆንምን አይሆንም ብሎ የሰማውን ሰው ጅል አሉት።

ልጄን አዝዬ አያ ጀብሪል ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኩርፊያቸው ከግቢው በር ይታያል። ልጁ እንደናቃቸው፣ ሽማግሌ አስቀርቶ በከተማው እንዳዋረዳቸው ነገሩኝ።

«አይሆንም ብለውታል እኮ» አልኳቸው።

«ኧረ ሁሪያ፣ አንቺ የሰው ልጅ አይደለሽም? ያ አይሆንም እኮ አይሆንም ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«እሺ ማለት ነዋ።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ ይበሉት።»

«ልጄን ውሰድልኝ ብዬ ልለምነው? እኔ ጀብሪል?»

በዚህ መሀል ናጅዋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አልጮኸችም። «አባባ፣ እሱ ቅዳሜ ጠቅልሎ ሐራ ይሄዳል» አለች። «ለሰው ዓይን ብላችሁ የምትደብቁት እሺ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እዚህ ቤት ሳረጅ ያ ሁሉ የሚስቅ ሰው መጥቶ ይጦረኛል?»

አያ ጀብሪል ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ስወጣ ግን ከኋላዬ «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ግቢው እንኳ እንዳይሰማቸው።

ሚስባህ የተስማማው አብሮ ለመሄድ ከፈቀዱለትና መልሱ በግልጽ ቃል ከሆነ ነው። ሙሽራው አብሮ ሄዶ አያውቅም ብለው ሼህ ዓሪፍ ትንሽ አንገራገሩ፤ ጋሽ ካሳዬ ያለ እሱ ጎሚስታው እንደሚዘጋ ያውቁ ነበርና ገፋፏቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሄድን። ሼሁ በረጅሙ ጀምረው፣ መርቀው፣ አዙረው አዙረው ጠየቁ። አያ ጀብሪል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የለመደ አፋቸውም ቀደማቸው።

«እንግዲህ ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ምኑንም አታውቀው…»

ሚስባህ ተነሳ። በር ላይ ደርሶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ናጅዋ በመጋረጃው ስንጥቅ የምታየው እሱን አልነበረም፣ አባቷን ነው። አንዱ እግሩ ገብቶ ሁለተኛውን ሲያነሳ አያ ጀብሪል እጃቸውን ዘረጉ።

«እሺ ብያለሁ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። አውልቀው ያንን ጫማ።»

ሚስባህ ወደ እግራቸው አየና «እሺ ማለት እሺ ነው?» አላቸው።

«እሺ ነው።»

አውልቆ ተመለሰና ተቀመጠ። ያኔ ነው ሼህ ዓሪፍ እንኳ እፎይ ያሉት።

ለጋሽ ካሳዬም እንዲሆን ሥጋ የሌለበት ገበታ ቀረበ። አያ ጀብሪል ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» ብለው ዘረጉ። ሚስባህ የሰው እጅ አፉ ውስጥ ሲገባ እንደሚያቅለሸልሸው ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ሲነገራቸው ከንፈራቸውን ነበር የነከሱት። አሁን ግን እጃቸው አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ጉርሻውን በሱ በኩል ትሪው ላይ አስቀመጡት። «ይኸው፣ በገዛ እጅህ» አሉት። በላው።

ሠርጋቸው ድምፅ ማጉያ አልነበረውም፤ የመርሳ ሰው እስካሁን ይህን እንደ በደል ያወራዋል። ደግሞም ናጅዋ ሰው አደረገችው ይላል፤ እሱ ግን ከድሮው ቅንጣት አልተለወጠም። የተለወጠውን ባለፈው ሳምንት ምሳ ላደርስለት ሄጄ አየሁት። አያ ጀብሪል በጎሚስታው በኩል ሲያልፉ ሚስባህ ከትሪው ቀና ሳይል «እንብላ» አላቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው «ብሉ፣ ይባረክ» አሉና እርምጃ ጀመሩ።

«ርቦዎታል?» አላቸው።

ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ፣ የሚያያቸው ሰው እንዳለ። ነበረ፤ ከናጅዋ ስፌት ቤት ጀምሮ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው።

«አዎ፣ ርቦኛል» አሉ፤ ጎማው ላይ ተቀምጠውም እጃቸውን እንዳስታጥባቸው ዘረጉልኝ።