የባሕሩን ሣር ያጨድኩት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ መናገሬ የመጀመሪያዬ ነው።

በፈረንጆቹ 2013 ውጭ አገር ተማሪ ሆኜ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ስኖር፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የወሎ ሴት ነበሩ። የመሶብ ስፌት ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ አልቶና ባሕር ዳርቻ፣ አሸዋውን ንፋስ እንዳይወስደው ሣር ከሚተክሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር እንሄዳለን። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሣሩ የዚያው አገር ነው፤ እንደ ጎፈሬ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አይጠፋም፣ ጨውም ንፋስም ይችላል። እትዬ ችግኙን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ «ይቺ እኮ የኛን አክርማ ትመስላለች» ይላሉ። በሳምንት ከቤት የሚያስወጣቸው ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ከአገር ያስመጡትን የስፌት አክርማ፣ ተክል ማስገባት ክልክል ነው ብለው ኤርፖርት ላይ ወሰዱባቸው። ሲያዝኑ ማየት አልቻልኩም። በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ፣ አምና ከተከልነው ሣር ስድስት ጎፈሬ ከሥሩ አጨድኩ። እኔ፣ በገዛ እጄ። «ገዛሁልዎት» አልኳቸው። መረቁኝ።

ቅዳሜ ስንደርስ የቡድኑ መሪ የተመለጠውን ቦታ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። የእትዬን ስፌት ሁሉም አይቷል። «እሳቸው ቆርጠውት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለኝ።

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? «ማን እንደቆረጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል።»

እትዬ ጉቶውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አላውቅም በይው ልጄ» አሉ።

የቆረጥኩት እኔ መሆኔ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። እሳቸው መጠርጠራቸውን ግን አላወቁም። እኔስ እውነቱን ለመሪው ለመናገር ስንት ቃል ይበቃኝ ነበር? ዝም አልኩ። ሰውየው በትሕትና፣ ዘንድሮ ቢያርፉ ይሻላል አለ። እኔም «ተከላው አብቅቷል ይላል» ብዬ ወደ አውቶቡሱ ወሰድኳቸው።

ዛሬ ሜልተን የሚባል ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ክረምት ሲገባ ይደውሉልኛል፤ «ተከላው አልተጀመረም?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። ይህን ውሸት ስንት ክረምት ደገምኩት?

ስለምወዳቸው ነው ያጠፋሁት ብል ይቀለኝ ነበር። ሣሩን ያጨድኩት ለእሳቸው ብዬ ይሆናል፤ ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ነው። ይህንንም ከእናንተ በፊት ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ፤ አሁንም ፈራሁ። እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ። አልልሽም ቢሉኝም አልቀየምዎትም።