«ብዕሩ ጻፈልሽ?»

አያቴ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ደብር ብራና ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የዕለት ማስታወሻ ልጀምር ብዬ፣ የመጀመሪያውን መስመር እየፈራሁ ገጽ በገጽ ስቀድ አዩኝ።

«እኛ የመቃ ብዕር ቀርጸን ወደ ብራናው ከመግባታችን በፊት፣ ዳር ላይ ‹ፍትነተ ብርዕ› ብለን እንጽፋለን፤ ብዕር መሞከሪያ ማለት ነው። አንቺም መጀመሪያ እሱን ጻፊ፣ የቀረው ይመጣል» አሉኝ።

መጣም። ማታ ማታ ከመደባቸው ሆነው «ብዕሩ ጻፈልሽ?» ይሉኛል እንጂ፣ ምን እንደጻፍሁ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

አብዮት ጠባቂዎች ቤታችንን ሲፈትሹ ደብተሩን አገኙት። «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ አያቴ ቀድመው «ብዕር እየሞከረች ነው» አሉ። አንደኛው ገለጥ ገለጥ ቢያደርግ በየገጹ አናት ያው ግዕዝ ነው፤ ሰልችቶት ወረወረልኝ።

አያቴን ከቀበርናቸው ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፣ ሳልደርስ እመለሳለሁ። ደብተሩን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ዛሬ እንደቆምሁ «ፍትነተ ብርዕ» ብዬ ጻፍሁና ሳላስበው ወደ መደቡ ዞርሁ።

ብዕሩስ ጽፏል፣ አባባ። የሚጠይቀኝ ነው የጠፋ።