የሉተር ዘፈን በዱቄት በርሜል ላይ

ኦርሰን ቴት ከብት ሲጠብቅ ሠላሳ ዓመት ዘፍኗል፤ በእግሩ ቆሞ ግን አንድ ቀንም ዘፍኖ አያውቅም። ይህን ራሱም ያወቀው አስተማሪዋ ሚስ ኮራ ድምፅ መቅጃ ሣጥኗን በጋሪ ጭና እሱ ወደሚሠራበት የቴክሳስ ከብት እርባታ የመጣች ዕለት ነው።

በዚያ ዘመን የከብት ጠባቂ ዘፈን በየከተማው ገኖ ነበር። ላም በሥዕል ብቻ ያዩ ሰዎች ይጽፉታል፣ ሸክላ ላይ አስቀርጸው ይሸጡታል፤ ጠባቂዎቹም እየሳቁበት ይገዙታል። ሚስ ኮራ የፈለገችው ሜዳ ላይ የተወለደውን ነበር። ኦርሰን ዘንድ ያለው ደግሞ ወንድሙ ሉተር የገጠመው ዘፈን ነው። ሉተርን መንጋ ሲያሻግር ወንዝ ወስዶታል፤ መቃብር እንኳ የለውም። ከእሱ የቀሩት ይህ ዘፈንና አሁን ያረጀው ዳማ ፈረሱ ናቸው። ዘፈኑን ከኦርሰን በቀር የሚያውቅ የለም፤ የኦርሰንም ጉሮሮ ከዓመት ዓመት እየከዳው ነው።

ድምፅ በሚቀበለው የሣጥኑ መለከት ፊት ቆመና ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ ጠፋው። ቢደግመውም እዚያው ላይ ጠፋው። ድምፁ የሚቀረጽበት ሁለት የሰም ጥቅል ተበላሽቶ አንድ ብቻ ቀረ። ኦርሰን ሆድ ባሰው።

«ፈረስ ላይ ሆኜ እኮ ነው የማውቀው» አለ። «ቃሉን የሚያመጣልኝ የዳማው እርምጃ ነው።»

እውነቱን ነው። መንጋው እንዳይደነብር ጠባቂዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በየተራቸው ዙሪያውን በፈረስ እየዞሩ ነበር የሚዘፍኑለት። ታዲያ ፈረሱ ከሄደ ድምፁ ከመለከቱ ይርቃል፤ ከቆመ ቃሉ ይጠፋል።

ወጥ ቤቱ ሩፊኖ ባዶ የዱቄት በርሜል እያንከባለለ መጣና ኮርቻ ጫነበት። «ውጣ እንጂ ሽማግሌው፤ ይሄኛው ገብስም አይጠይቅህ» አለው። ከኋላ ሆኖም በዳማው እርምጃ ልክ ያወዛውዘው ጀመር። ኦርሰን ዓይኑን ጨፈነ። ቃሉ ተራ በተራ እየመጣ እስከ ሰባተኛውና መጨረሻው ስንኝ ደረሰ።

ሚስ ኮራ የተቀዳውን አሰማቻቸው። ዳማው በረቱ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ጆሮው ቀጥ አለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው በበረቱ ዙሪያ መሄድ ጀመረ፤ በቀስታ፣ በሌለ መንጋ ዙሪያ፣ ሉተር እንዳስለመደው። ሩፊኖ አማተበ። ኦርሰን ባርኔጣውን አወለቀ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ፈረሱ ቆሞ ወደ እነሱ አየ።

«ይድገሙለት፣ ሚስ ኮራ» አለ ኦርሰን በቀስታ። «የሉተር ተራ ገና አላለቀም።»

ሚስ ኮራ መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።