ፊቴን ደፍቼ የሰማኋቸው ታሪኮች

መጀመሪያ ያየሁት ዝንብ የመሰለች ጥቁር ነጥብ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ አዲስ የወጣ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት አነባለሁ። ነጥቧን በእጄ አባረርኳት፤ አልሄደችም። ቀጥሎ ከዓይኔ ጥግ ብልጭታ መጣ። ታሪኩ በሁለት ጨረቃዎች መካከል ደብዳቤ ስለምታመላልስ ሴት ስለነበር፣ ተመስጬ ነው ብዬ ገጹን ገለጥኩ። በማግስቱ ዓይኔ ላይ ከሥር ጥቁር መጋረጃ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው። የማነበው በቀኙ ነው። የታመመው ቀኙ ነበር።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኔ ላይ መብራት አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ሬቲናህ፣ ከዓይንህ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን፣ እየተላቀቀ ነው። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን እናደርጋለን።»

«እንደገና አነባለሁ?»

«ቃል ልገባልህ አልችልም።»

ቪትሬክቶሚ የሚባለውን፣ ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ የሚያወጣውን ኦፕራሲዮን አደረጉልኝ፤ ዓይኔ ውስጥም ጋዝ ሞሉ። ጋዙ ሽቅብ ስለሚንሳፈፍ፣ ሬቲናውን በዓይኔ የኋላ ግድግዳ ላይ ደግፎ እንዲይዘው ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መሰንበት ነበረብኝ። ስበላም ስተኛም። «ቀና ካልክ ሊላቀቅ ይችላል» ብሎኛል ሐኪሙ።

ባለቤቴ ሰናይት ጠረጴዛ ላይ ትራስ ደርድራ ግንባሬን አስደገፈችኝ። ሲጨንቀኝ መጽሔቶቹን ታነብልኝ ጀመር። «ሰው ጠፍቶ ነው ስለ ሮቦት የሚጻፈው?» እያለች ታሾፍብኛለች፤ ግን ታነባለች።

አንድ ቀን በሩ ተከፈተ። እማማ አስካለ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አዛውንት፣ ከሌላው የከተማው ጫፍ፣ ከዳንፎርዝ ድረስ ሊጠይቁኝ መጥተው። ድምፃቸውን ሰማሁ። ብድግ አልኩ። ቀና ብዬ ቆምኩ። ታላቅ ሲገባ ቁጭ ብሎ መቆየት አልለመደብኝም።

ሰናይት ጮኸች። ተመልሼ ተደፋሁ። በዓይኔ ውስጥ ብርሃኑ ተናወጠ። አበቃ አልኩ።

«ሆስፒታሉ ጋ ኮል አድርጌያለሁ» አለች ሰናይት ቆይታ። «እንደተደፋ ይቆይ፣ በአፖይንትመንቱ እናየዋለን ነው የሚሉት።»

ነገሩ ይሄኔ ለእማማ አስካለ ገባቸው። «በኔ ምክንያት ዓይንህ ቢጠፋ ምን ይውጠኛል?»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ እማማ» አልኳቸው ወለሉን እያየሁ።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ምንጣፉ ላይ፣ ፊቴ ሥር ተቀመጡ። «ከእንግዲህ ለማንም አትነሣም። እኔ ወርጃለሁ።»

እስከ ቀጠሮዬ ድረስ እየተመላለሱ እዚያው ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሰናይትም ለሳቸው ስትል ታሪኮቹን ወደ አማርኛ እየመለሰች ታወራልን ጀመር። ቤት ስለሚያከራይ ዘንዶ የሚያወራውን ሲሰሙ «ይሄማ የኛ ላንድሎርድ ነው» አሉ። ሳቄ መጣ፤ ግን ዓይኔን የሚያናውጠው እየመሰለኝ ዋጥኩት። የታሪኩን መጨረሻ ለመስማት ስጓጓ ግን ፍርሃቱ ለጥቂት ጊዜ ይለቀኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት መረመረ። ሰናይት እጄን ጨበጠችኝ። «ሬቲናህ ተጣብቋል» አለ ሐኪሙ።

ጋዙ እያደር ሲቀንስ፣ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውኃ መስመር ሠርቶ ወደ ታች ወረደ፤ ከመስመሩ በላይ መጀመሪያ የሰናይት ፀጉር፣ ኋላም ፊደል ታየኝ። ሰናይትን፣ እማማ አስካለንና ሐኪሙን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም።

ነጥብና ብልጭታ ያየ ሰው ዕለቱን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እንደ እኔ ገጽ አይግለጥ። ፊትህን ደፍተህ ሰንብት የተባለም፣ ጠያቂ ሳይገባ በር ላይ የሚያስጠነቅቅ ሰው ያቁም። እኔን ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። አሁን ለእማማ አስካለ አንባቢው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሬ በፊት ግን ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በቀኙ ፊታቸውን አያለሁ። እስካሁን ፊታቸው ሳይጎድል ሙሉውን ይታየኛል። ከዚያ አነባለሁ።